አስራ አንደኛዋ

ሰባት ገጽ ነበር። ሁለቱን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ቤት አሳትመን፣ በስቴፕለር መትተን፣ ላስቲክ ውስጥ ከተትነውና ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። እሁድ ከሰዓት ነው። ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው የሚኒባሱ ሹፌር መብራት አብርቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ልቤ ይንጠለጠል ነበር። የዚያን ቀን ግን ደስ ብሎኛል። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ የተከራከርንበት ነገር ወረቀት ሆኖ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። አናቱ ላይ በደማቁ «መርሆዎቻችንና ዓላማዎቻችን» ይላል።

ይሄ ከሆነ ዓመት አለፈው። ያኔ ኮምቦልቻ ላይ የተጠየቅነው ጥያቄ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ቢሮ ሒሳብ ስደምር ይመጣል። ዕቃ ሳጥብ ይመጣል። መልሱን አግኝቼዋለሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ብቻዬን መሸከሙ ስለከበደኝ ነው።

ስንጀምር ዘጠኝ ነበርን። አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ እንደ እኔ ሒሳብ ሠራተኛ አለ። ግማሾቻችን ደሴ፣ ግማሾቻችን ኮምቦልቻ እንኖራለን። ፓርቲ አይደለንም። «ግራ ዘመም ናችሁ ወይ?» ለሚለን ግን መልሳችን አዎ ነው። የምናምነው ነገር ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። ሠርቶ የሚያድር ሰው በሠራው መኖር መቻል አለበት። ከጉልበቱ ትርፍ ሲገኝ፣ ትርፉ ላይ የመናገር መብት አለው። ውኃ፣ ሕክምናና ትምህርት ገንዘብ ላለው ብቻ መሆን የለባቸውም። ይሄን ደግሞ ማንም ከላይ አያወርድልንም። በየሰፈሩና በየሥራ ቦታው፣ ከታች ተደራጅቶ ማምጣት ነው ያለው።

ሰባቱ ገጽ ይሄንኑ ይዘረዝራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን ስለሚያይ የደመወዝ ቦርድ ይናገራል። እኛ ስንጽፍ ግን በግል ድርጅት የምትሠራ ልጅ «ከዚህ በታች ሊከፍሉኝ አይችሉም» የምትለው የብር መጠን አልነበራትም። ስለዚህ ወለሉ በብር ይቆረጥ አልን። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠየቅ ያዛል። እኛ አዋጁ የግቢ በር አልፎ ይግባ አልን። ሠራተኛ ማኅበርን በተመለከተም ሕጉ 10 ሰው ይበቃል ይላል። «አስር ሆናችሁ ተነሱ» የሚል ገጽ አለ። ያቺ ገጽ የኔ ናት።

## አራት ፍራሽ

ወረቀቱን ልናነብላቸው የሄድነው ልጆች የሚኖሩት ኮምቦልቻ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ ነው። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተዋል። አራቱም ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። ፍራሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ቀን ቀን እንደዚያ ካልቆሙ እግር መጣያ የለም። ከፍራሾቹ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ አራት ሰማያዊ ጋውን ተሰቅሏል። ጀበናው ከሰሉ ላይ ነው። ከደላንታ የመጣችው ልጅ አንደኛዋን ጓደኛዋን ሹሩባ ትሠራታለች።

ያነበበላቸው ወንድማችን ነው። ድምፁ ያምራል፤ አንድን ነገር ሲያነብ እውነት እንደሆነ ይሰማሃል። ልጆቹ በትህትና ሰሙ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተቀዳ። ወደ እኔ ገጽ፣ ወደ አስሩ ሠራተኛ፣ ሲደርስ የደላንታዋ ልጅ እጇ ጸጉሩ ላይ ቆመ።

«አንዴ» አለች። «አስር ሰው ከተስማማ ማኅበር ይቆማል ነው የምትሉት?»

«አዎ።»

«እሺ። አስራ አንደኛዋ ካልተስማማችስ? ምን ትደረጋለች?»

ወንድማችን ፈገግ አለ። ለዚህ መልስ የተዘጋጀ ሰው አልነበረም። ከአፉ የቀረበውን አነሳ፦ «ያው ነው እህቴ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።»

ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። እሷ አልሳቀችም። ሦስቱ ጓደኞቿም አልሳቁም። ከሰሉ ላይ ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማ ነበር።

«ፋብሪካውም ዓላማውን ግድግዳ ላይ ለጥፎልናል» አለች ቀስ ብላ። «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት ይላል። በትልቁ ነው የተጻፈው። ስገባ ስወጣ አነበዋለሁ። የተናገረች ልጅ ምን እንደምትደረግ ግን እዚያ ላይ የለም። እናንተም ወረቀት ላይ የለም።»

ከዚያ የራሷን ነገረችን። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ስለ ተቀናሽ ጠይቃለች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ መቁረጥ እንደማይቻል አዋጁ ራሱ ይናገራል። በሳምንቱ ወደ ማታ ፈረቃ አዛወሯት። እሷን ያመማት ግን ፈረቃው አይደለም።

«አለቃው አይደለም ያስለቀሰኝ» አለች። «የገዛ ጓደኞቼ ናቸው ምሳ ላይ ከአጠገቤ የተነሱት። ፈርተው ነው። አልፈርድባቸውም። ግን ነገ ማኅበር ስናቆም እናንተም የሆነ ነገር ትፈራላችሁ። ያን ጊዜ እኔ ከማን ጋር እበላለሁ? እሱን ነው የጠየቅኳችሁ።»

አንዳችንም አልመለስንም። እሷ ተነስታ ከአንዱ ፍራሽ ኋላ ደብተር አወጣች። ሽፋኑ ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት የተማሪ ደብተር ነው። የቤቱ ሒሳብ ነው፦ ኪራይ፣ ከሰል፣ ዘይት፣ ዕቁብ። ገልብጣ የመጨረሻውን ገጽ አሳየችን። አናቱ ላይ በእርሳስ «ያልተስማማ» ይላል። ከሥሩ አንድ ስም። ከስሙ ቀጥሎ፦ «ለከሰል መጨመር የለብንም ብላለች። ምክንያቷ፣ ማታ ስለምትሠራ ቡና ላይ የለችም።» ቀጥሎ ሌላ እጅ ጽሑፍ፦ «ተቀባይነት አላገኘም። ጥር ላይ ድጋሚ ይታያል።» ከዚያ በታች፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ እርሳስ፦ «ታየ። ልክ ነበረች።»

«ሦስት ለአንድ ከሆነ ሁሌም ሦስቱ ያሸንፋሉ» አለችን ደብተሩን እየዘጋች። «ግን ማታ አብረን ነው የምንተኛው።»

## የሄድንበትን ስንመለስ

ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ ማንም አላወራም። እኔ በስልኬ መብራት ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ሰባት ገጽ ውስጥ «እምቢ» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይገኛል። ሁለቱም ቦታ ላይ እኛ ነን ሌላውን እምቢ የምንለው። እኛን እምቢ ለሚለን ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር አላስቀመጥንም። ረስተነው ነው እንዳልል አራት ወር ተከራክረናል። ኮማ ላይ ሳይቀር ተከራክረናል። በአራት ወር ውስጥ ያልታሰበ ነገር የተረሳ ነገር አይደለም። ያላየነው ነገር ነው፤ ያላየነውም ሁላችንም ራሳችንን ከአስሩ ውስጥ ስለቆጠርን ነው።

አንድ ሰው ሊል ይችላል፦ የአራት ልጆች የከሰል ሒሳብና የአንድ ንቅናቄ መርሆ ምን አገናኘው? እኔም በዚያ ሌሊት ራሴን እንደዚያ ለማጽናናት ሞክሬ ነበር። አላጽናናኝም። ምክንያቱን ያገኘሁት ቤት ነው።

## የቅሬ ብር

አባቴ የወይዘሮ ስኂን ተማሪ ነበር። የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋዩ ዋለልኝ መኮንን የተማረበት የደሴ ትምህርት ቤት ነው። ስለ ዋለልኝ እዚህ ከተማ ሁለት ሰው አንድ ቃል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴ ግን አንዱንም ቃል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ስለዚያ ዘመን ከተነሳ ተነስቶ በረንዳ ላይ ይወጣል። እኔም ልጅ ሆኜ መጠየቅ ተውኩ።

የማውቀው ይሄን ነው። አያቴ እኩል አራሽ ነበር። ካመረተው ግማሹን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። በ1965 እና በ66 ሰው ከገጠር እየተነሳ ወደ ደሴ ሲመጣና መንገድ ዳር ሲወድቅ፣ አባቴ ደብተር ይዞ በዚያው መንገድ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ተማሪዎች የካቲት 1957 አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ እሱ ገና ሕፃን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 አዋጁ ሲታወጅ ግን ሙሉ ጎረምሳ ነው። አያቴ በሬዲዮ ሰምቶ አላመነም ይባላል። አዋጁ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ይፈቅድ ነበር፤ አያቴ የደረሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ግን የራሱ ነው። የማንንም ድርሻ ሳያስረክብ ጎተራውን የሞላበትን ዓመት እስኪሞት ሲያወራው ኖሯል።

ከኮምቦልቻ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ሰባቱን ገጽ አባቴ ፊት አስቀመጥኩ። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ሁለት ጊዜ።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «እኛም እንዲህ ነበር የምንጽፈው።»

የልጅቷን ጥያቄ ነገርኩት። አልተነሳም። በረንዳ ላይ አልወጣም። መነጽሩን አወለቀና ጨርቁን ሳይዝ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርገው ቆየ።

ከዚያ ስለ አንድ ጓደኛው ነገረኝ። አንድ አግዳሚ ላይ ነው የተማሩት። ባለ ስድስት ሰው የጥናት ክበብ ውስጥ አብረው ገቡ። አባቴ እንዳለኝ፣ ያኔ ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓና መኢሶን፣ የጻፉትን ጎን ለጎን ብታነብ ግማሹን ማን እንደጻፈው አትለይም። ሁለቱም ባላባት ይውደቅ፣ ሠራተኛው ይደራጅ፣ ብሔረሰቦች እኩል ይሁኑ ይላሉ። የተለያዩት መንገዱ ላይ ነው። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ሲል መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ይላል። ጓደኛው የአባቴ ወገን ነበር። ሌላ ቡድን አልገባም። በ1969 ከተማ ውስጥ ሰው በጥይት መምታት ሲጀመር ግን ክበቡ ውስጥ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «እኛም ከገደልን በምን እንለያለን?»

በሚቀጥለው ስብሰባ አልተጠራም። እሱ በሌለበት «አድርባይ» ተባለ። ይገለል የሚል እጁን ያውጣ ተባለ።

«አወጣሁ» አለኝ አባቴ።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያየው ተሻግሮ ይሄዳል። አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ካደጉት ጋር። በ1970 አንድ ሌሊት ልጁን ከእናቱ ቤት ወሰዱት። አልተመለሰም። ማን እንደጠቆመው፣ ከእነሱ ይሁን ከራሳቸው ወገን፣ አባቴ እስከ ዛሬ አያውቅም። ያ ነው የሚያስነሳው። በረንዳ ላይ የሚያወጣው ያ ነው።

«ዓላማው ጥሩ ከሆነ ሌላው ራሱን ያስተካክላል ብለን ነበር» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ዓላማው ጥሩ ነበር። አያትሽ በገዛ መሬቱ ላይ ነው የሞተው። እሱን አልክድም።»

እኔ ልጅ ሆኜ፣ ወር በገባ ቁጥር፣ አባቴ ብር አስጨብጦኝ «ለእማማ የቅሬያቸውን ስጪ» ብሎ ይልከኝ ነበር። ቅሬ የኛ የወሎዎች ዕድር ነው። ሸዋ በር አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ብሩን ተቀብለው እጄ ላይ ቆሎ ያደርጉልኝ ነበር። ዘመዳችን ይመስሉኝ ነበር። ሲሞቱ ድንኳኑ ሥር ከማንም በላይ ያለቀሰው አባቴ ነው።

የልጁ እናት ነበሩ። ለሠላሳ ዓመት ያህል የቅሬ ብራቸውን ከፈለ። አንድ ቀን እንኳ በራቸውን አልፎ ግን አልገባም፤ ለዚያ ነው እኔን የሚልከኝ።

## ስለ አይጠየፍ

በማግስቱ ሥራ ሳልገባ በእግሬ ስዞር አይጠየፍ ጋ ደረስኩ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ነው። ሀብታም ደሃ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ሰው ሁሉ ግብር የሚበላበት ስለነበር አይጠየፍ ተባለ ይባላል። እኛ በውይይታችን ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስም ነው። «እኩልነትን ከውጭ አላመጣነውም፣ ይኸው ስሙ እንኳን አለን» እንላለን። ስሙ እውነትም ያምራል።

የዚያን ቀን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። አዳራሹ ውስጥ ማንም አይጠየፍም፤ ጋባዡ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። ተጋባዡ ሊጠግብ ይችላል። ግብሩ አልጣመኝም ብሎ ተናግሮ በሚቀጥለው ሳምንት መጋበዝ አለመጋበዙ ግን የእሱ ጉዳይ አይደለም። ሰባቱ ገጻችንም አዳራሽ ነበር። ሰፊ ነው፣ ሁሉን ይጠራል። የጠራነው እኛ ነን፣ የምናስወጣውም እኛው ነን።

ታዲያ አማራጩ ምንድን ነው? ቅሬ ወዲያው ይመጣል። ቅሬ ላይ ነጋዴውም ቀን ሠራተኛውም ቀብር ከቀረ እኩል ይቀጣል። ዳኛውን አባሉ ይሾማል፣ አባሉ ይሽራል። «አንድ እንጨት አይነድ፣ አንድ ሰው አይፈርድ» የሚለው እዚያ በተግባር አለ። እኛ ወሎዬዎች ቅሬን እያሞገስን ነው ያደግነው፣ ልክም ነን። ግን ቅሬ ደግሞ ከተቆጣ «እሳት እንዳትሰጡት፣ ቀብሩ ላይ እንዳትቆሙ» ይላል። ከእሱ የከፋ ቅጣት አላውቅም። የአባቴ ክበብ ያደረገው ከቅሬው የተማረውን ይሆን? ይሄን ጥያቄ አባቴን ልጠይቀው ደፍሬ አላውቅም።

## ደብተሩ

እንደገና ጻፍነው። ሦስት ወር ፈጀ፤ ሰባቱ ገጽ ሦስት ሆነ። ዓላማዎቹ አልተነኩም፤ የደመወዝ ወለል፣ የኪራይ ውል፣ የማኅበር መብት፣ ሁሉም አለ። ብዙ የትግል ቃላት ወጡ። የመጀመሪያው ገጽ ግን አዲስ ነው። ያልተስማማ ሰው ሐሳቡን ራሱ፣ በራሱ እጅ፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሌላ ሰው አያሳጥርለትም። ውሳኔው ድጋሚ የሚታይበት ቀን እዚያው ይቆረጣል። ማንም ሰው በሌለበት ስለ እሱ አይወሰንም። ሰብሳቢነትም ደብተር መያዝም በተራ ነው። ከውሳኔ የተለየ ሰው ከሰላምታ አይለይም። ይሄን የመጨረሻውን ስንጽፍ «ይሄ እንኳን መርሆ አይደለም፣ ጨዋነት ነው» ያለ ነበር። እኔ ግን አባቴ መንገድ ሲሻገር እያየሁ ነበር የምከራከረው።

ያ በሚያምር ድምፁ ያነበበው ወንድማችን አልተቀበለውም። ቂም ይዞ አይደለም። በምክንያት ነው የተከራከረን። «አሠሪው ደብተር ይዞ አይጠብቀንም» አለ። «አንዲት ልጅ ዛሬ ከተባረረች ዛሬ ነው መነሳት ያለብን። እናንተ ጥር ላይ ድጋሚ ይታያል እያላችሁ ልጅቷ ዕቃዋን ጠቅልላ ደላንታ ትገባለች።» መልስ ያጣሁለት ክርክር ነው። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። በአንዳንድ ቀን እሱ ትክክል ይመስለኛል፤ ቸኩሎ መቆም የሚያስፈልግበት ሰዓት አለ፣ በዚያ ሰዓት የሚያመነታ ስብስብ ሰውን አስበልቶ ይመለሳል። ሆኖም ከሁለቱ ስህተት የትኛውን ይዤ መኖር እንደምችል አውቃለሁ። አንዱን ይዞ የኖረ ሰው ቤቴ ውስጥ አለ።

ወንድማችን ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ደብተሩን ተቀብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ። «ያልተስማማ» በሚለው ሥር የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው። ፒያሳ ስንገናኝ ሻይ እንጠጣለን። ሒሳቡን እየተሻማን ነው የምንከፍለው።

የደላንታዋ ልጅ ገብታለች። ሦስቱ ጓደኞቿም ተከትለዋታል። በፊት ከነበርነው በዝተናል፤ ብዙ ግን አይደለንም።

ባለፈው መስከረም ላይ ወሰንን። ተከራዮች ሁሉ የጽሑፍ ውል እንዲኖራቸውና እንዲመዘገብ ፊርማ አሰባስበን ለከተማው እንድናስገባ። እኔ ከደገፉት አንዷ ነኝ። አዋጁ አለ፣ መብቱ አለ፣ ምን ያስጠብቀናል? የደላንታዋ ልጅ አልተስማማችም። ደብተሩን ወስዳ ጥግ ይዛ ጻፈች። አከራይዋ ሁለት ክፍል ብቻ ያላቸው ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ውሉ ሲመዘገብ ግብር ይመጣባቸዋል። ግብሩን ወይ በእኛ ላይ ይጨምሩታል፣ ወይ አስወጥተውን ለዘመድ ያከራዩታል። «ደሃን ከደሃ የሚያጣላ ፊርማ አልፈርምም» ብላ ጨረሰች። ከሥሩ ስሟን፣ ከስሟ ቀጥሎ ቀኑን።

አብላጫው አለፈ። ፊርማ ማሰባሰቡ ተጀምሯል። ድጋሚ የሚታይበትን ቀን ግን ቆርጠን ነበር። እኔ አሁንም ውሉ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ውል የሌላት ልጅ ሌሊት ላይ ሻንጣዋ በር ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ። የእሷን ገጽ ደግሞ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ባነበብኩት ቁጥር የእነዚያ ሴት ሁለት ክፍል ይታየኛል። ለእሳቸው ምን እንደምንላቸው የሚናገር መሥመር በሦስቱም ገጽ ላይ የለም።

ቀኑ ይሄ የሚመጣው እሁድ ነው። ስብሰባው እነሱ ክፍል ነው፣ አራቱ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ። ደብተሩን የመያዝ ተራው የኔ ነው። ዛሬ ማታ እርሳስ ቀርጫለሁ።